«ያው ነው» ማለት ይቅር፦ የማይለቅ ህመምን በስልክ እንዴት እንመዝግብ

ወገቤን ማመም ከጀመረኝ አራት ዓመት አለፈ። ከግራ ዳሌዬ ይነሳና በጭኔ ኋላ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። መጀመሪያ አካባቢ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የሚሆነው አንድ ዓይነት ነበር።

«እንዴት ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያው ነው።»

«መድኃኒቱ ረዳዎት?»

«ትንሽ።»

«ሌሊት ነው ቀን የሚብስብዎት?»

እዚህ ላይ ጣራ ጣራ አያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያሰቃየኝ የከረመው ነገር በአምስት ቃል አለቀ። ይዤ የምወጣውም ያንኑ የበፊቱን ማዘዣ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ማስታወሻ እንድይዝ አዘዙኝ። ደብተር ገዛሁ። ሦስት ቀን ጻፍኩና ረሳሁት። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ የወሩን በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ ሞላሁት። 5፣ 6፣ 5፣ 7፣ 5። ሐኪሙ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ታክሲ ውስጥ ነው የጻፉት?» አሉኝ። ጽሑፌ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ መዝግቦ ነበር።

ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 80 የማይለቅ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ለአንዳንዶቹ የወረቀት ማስታወሻ ተሰጣቸው። ማስታወሻው ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያውቅ፣ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ተደብቆ ነበር። ሰዎቹ 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተናል አሉ። መሣሪያው ያሳየው ግን 11 በመቶ ብቻ ነው። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የመዘገቡት ደግሞ 94 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተዋል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ወረቀት አይጠራህም፣ ሰዓት አልፎብሃል ብሎም አይከለክልህም።

ዘግይቶ መጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ህመም ካለፈ በኋላ አእምሯችን የሚይዘው በጣም የባሰበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ነው። መሃሉ ይጠፋል። ስለዚህ «ወሩ እንዴት ነበር?» ሲባል የምንመልሰው ወሩን ሳይሆን ያቺን አንዲት ክፉ ሌሊት ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ወድቄ ተነስቼ የደረስኩበት አሠራር ነው። ከ3 ወር በላይ ለቆየ ህመም ነው፤ በሕክምናው ሥር የሰደደ የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

መመዝገብ የማያስፈልጋቸው፣ መሮጥ የሚያስፈልጋቸው ህመሞች አሉ። ከወገብ ህመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ እግራችሁ ከዛለ፣ በዚያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል። በሰከንዶች ውስጥ ድንገት ጣራ የነካ ራስ ምታት፣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ ራስ ምታትም እንደዚሁ። የጀርባ ህመም ሆኖ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብና ያለ ምክንያት መክሳት ካለበት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አከርካሪንም ይይዛል።

1. አንድ ጥያቄ ያዙ

ለምን እንደምትመዘግቡ ካላወቃችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ። «ይህ አዲሱ መድኃኒት ይሠራል ወይ?» «የሚያስነሳብኝ ምንድን ነው?» «በወር ስንት ቀን ማስታገሻ እውጣለሁ?» የኔ ጥያቄ «የቢሮዬ ወንበር ነው ወይ የሚያሳምመኝ?» የሚል ነበር። መልሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

2. መሣሪያውን ምረጡ

ለዚሁ ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎች አሉ። ማኔጅ ማይ ፔይን እና ቤረብል ይታወቃሉ፤ ለራስ ምታት ደግሞ ማይግሬን ባዲ አለ። ግራፍ ይሠራሉ፣ ያስታውሳሉ። እንግሊዝኛ ለማይከብደውና በየቀኑ ብዙ ቁልፍ መነካካት ለማይሰለቸው ሰው ጥሩ ናቸው። እኔ ሁለቱን ሞክሬ ሁለቱንም ከሳምንት በኋላ ረሳኋቸው።

ያልረሳሁት ቴሌግራምን ነው። ማንስ ይረሳዋል? በቀን ሃምሳ ጊዜ እንከፍተው የለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ ቻናል ክፈቱ፣ ፕራይቬት አድርጉት፣ ማንንም አታስገቡ። ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት፤ የኔ «የቤት ኪራይ» ነው የሚለው፣ ስልኬን የሚያነሳ ሰው ለማየት እንዳይጓጓ። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይም ይቻላል። ግን እሱ ውስጥ ፎቶው፣ የባንክ ደረሰኙ፣ ከየግሩፑ የተላከው ሁሉ ስለሚከማች ህመሙ ይጠፋል።

ጥቅሙ ሦስት ነው። ቀኑና ሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል፣ ስለዚህ ታክሲ ውስጥ የወር ማስታወሻ መፈብረክ አይቻልም። እጅ ሥራ ሲይዝ በድምፅ መናገር ይቻላል። ከጊዜ በኋላ አንድ ቃል ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ኔትወርክ ከሌለ ግን መልእክቱ የሚሄደው ቆይቶ ነውና ሰዓቱን ራሳችሁ ጻፉበት።

ሠንጠረዥ ለሚወድ ጉግል ፎርምስ ይሻላል። አምስት ጥያቄ ያለው ፎርም ታዘጋጃላችሁ፣ ሊንኩን ስልካችሁ ፊት ገጽ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ መልሱ ከነሰዓቱ ጉግል ሺት ውስጥ ይሰለፋል። አማካይ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ይሆናል።

የትኛውንም ብትመርጡ መቆለፊያ አድርጉበት። ቴሌግራም ላይ ፓስኮድ አለ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አለ። የጤና ጉዳይ ነው፤ ሁሉም ቤተሰብ፣ ሁሉም አሠሪ እንዲያውቀው አንፈልግም።

3. የራሳችሁን ሜትር ሥሩ

ሐኪሞች ህመምን ከ0 እስከ 10 ይጠይቃሉ። 0 ምንም የለም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው። ችግሩ የኔ 6 እና የእናንተ 6 አይገናኙም። የኔ የዛሬ 6 እና የኔ የባለፈው ወር 6 እንኳ ላይገናኙ ይችላሉ። መፍትሔው ቁጥሩን ከምትሠሩት ነገር ጋር ማሰር ነው። የኔ ይህን ይመስላል፦

2 — ካላሰብኩት አላስታውሰውም።
4 — እሠራለሁ፣ ግን በየአሥር ደቂቃው አቀማመጤን እቀይራለሁ።
6 — ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አልችልም።
7 — ሰው ሲያወራኝ መልስ መስጠት ያስጠላኛል።
9 — ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው።

ይህንን ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጉት። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት አንዴ ቀና ብላችሁ እዩት። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል እንደምንም ብለን «ደህና» ማለት የለመድን ሰዎች ነን። ቁጥሩ ላይ ጨዋነት አያስፈልግም።

4. ምን ይጻፍ?

አምስት ነገር፣ ከሠላሳ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ። ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ዓይነቱ፣ ከዚያ በፊት ያደረጋችሁት፣ የወሰዳችሁት መድኃኒት። ጠዋት ላይ እንቅልፍን ጨምሩ። በቃ። ስሜት፣ የአየር ጠባይ፣ የበላችሁት ሁሉ ካልተጻፈ የሚል መተግበሪያ ስንፍናችንን አያውቅም።

ዓይነቱ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል፣ ሰቅዞ ይይዘኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ይደነዝዘኛል። «ያመኛል» ብላችሁ አትለፉት፣ ልዩነቱ ለሐኪሙ ትርጉም አለው። እንደ ኮረንቲ የሚነዝር፣ የሚያቃጥል፣ የሚደነዝዝ፣ ጉንዳን የሚሄድበት የሚመስል ህመም ብዙ ጊዜ ነርቭን ይጠቁማል። ለነርቭ ህመም የሚታዘዘው ደግሞ ከተራው ማስታገሻ የተለየ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕሪጋባሊን ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለት ዓመት «ወገቤን ያመኛል» ስል ኖሬ፣ ማስታወሻዬ ላይ «እንደ ኮረንቲ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ሲገኝ ነው መድኃኒቴ የተቀየረው።

ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ይበልጥ ያዙት። «ቁርጥማት» በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ ተራ «ህመም» ሆኖ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከቃሉ ጎን ምስል ጻፉ፦ እንደ መርፌ፣ እንደ እሳት፣ እንደ ኮረንቲ። ምስል ሲተረጎም ብዙም አይጎድልበትም። ልጃችሁን አስተርጓሚ ማድረግም አይጠበቅባችሁም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

5. መቼ?

በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳችሁ፣ ማታ ከእራት በኋላ። አላርም ሙሉ። ከለመዳችሁት ነገር ጋር ካሰራችሁት ደግሞ አላርሙም ላያስፈልግ ይችላል፤ እኔ የጠዋቱን የምጽፈው ውሃ ጥጄ እስኪፈላ ነው።

ያመለጣችሁን አትሙሉ። ባዶ ቀን ባዶ ይሁን። ከፈጠራ ባዶው ይሻላል። መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ዘግቶ ከሆነም «ስልክ ዘግቶብኝ ነበር» ብሎ ማለፍ ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ስልኩ 7፡10 የሚለው ለእኛ ጠዋት 1፡10 ነው። አንዱን ምረጡና በዚያው ቀጥሉ፤ ለሐኪሙም የትኛው እንደሆነ ንገሩ። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንድ ቀን «7 ሰዓት ተኛሁ» ብዬ ጽፌ፣ ከወር በኋላ ሳነበው በ7 ሰዓት ወደ አልጋ ሄድኩ ማለቴ ይሁን ለ7 ሰዓት ያህል ተኛሁ ማለቴ ለራሴም ግራ ገባኝ። መድኃኒት ላይ ይኸው ነገር አደገኛ ይሆናል። «በ8 ሰዓት» እና «በየ8 ሰዓቱ» አንድ አይደሉም።

6. ክኒኑን በስሙ ጻፉ

«ማስታገሻ ዋጥኩ» አይበቃም። ስሙ፣ ሚሊግራሙ፣ ብዛቱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ስምንት ፍሬ ማለት ነው፤ ጉበት ለታመመ ወይም በጣም ለከሳ ሰው ከዚያም ያንሳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ሳናውቀው እንደርባለን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ አልሠራም ብሎ ሌላውን መደረብ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ራሷን ይፈልጣታል፣ ለዓመታት። እሷ ጽሑፍ አትወድም፣ ስለዚህ ልጇ ስልኳ ላይ ቻናል ከፈተችላትና በድምፅ ትናገራለች። «ዛሬ አርብ ነው፣ ስድስት ሰዓት ግድም ጀመረኝ፣ ቡና አልጠጣሁም፣ ፓራሲታሞል ሁለት።» ወሩ ሲያልቅ ልጇ ቁጭ ብላ ቆጠረች። ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ከባዱ ራስ ምታት በብዛት የሚውለው ረቡዕና አርብ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ቡናዋም አብሮ ይቆያል። መራብም ውሃ መጠማትም ራስ ምታት ያስነሳሉ። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል። ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎችም ይህን ያውቁታል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ክኒን የዋጠችው 18 ቀን ነበር። ቤተሰቡ ቢጠየቅ «አልፎ አልፎ» ነበር የሚለው። እሷም እንደዚያው። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ጠንከር ያሉትንና በአንድ ክኒን ብዙ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ማስታገሻው አሳማሚ ይሆናል። ይህን ሐኪሟ ነው ያረጋገጡት፣ አወሳሰዱንም ያስተካከሉት። በራስ ሥልጣን አቁሙ እያልኩ አይደለም፣ በተለይ እንደ ትራማዶል ያሉትን ጠንካራ ማስታገሻዎች። ግን ያ 18 የሚባል ቁጥር ባይቆጠር ኖሮ ወሬው ገና «አልፎ አልፎ» ላይ በቆመ ነበር።

7. እሑድ እሑድ አንብቡት

ብዙ ሰው ይመዘግባል፣ አያነብም። በሳምንት አሥር ደቂቃ መድቡ። የጠዋቱን ቁጥሮች ደምሩና ለቀናቱ አካፍሉ። የማታውንም እንዲሁ። 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑባቸውን ቀናት ቁጠሩ። ከዚያ ከከፋው ቀን አንድ ቀን ወደ ኋላ ሂዱ። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የኔን እዩት፦

ቅዳሜ ጠዋት — 2 — ወገብ ብቻ — እንቅልፍ 7 ሰዓት ያህል
ቅዳሜ ማታ — 4 — ልብስ አጠብኩ፣ ሁለት ጄሪካን ውሃ ተሸከምኩ፣ መርካቶ ደርሼ መጣሁ
እሑድ ጠዋት — 7 — እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እንደ ኮረንቲ — እንቅልፍ 4 ሰዓት ያህል
ሰኞ ጠዋት — 7 — ከሥራ ቀረሁ
ማክሰኞ ጠዋት — 6
ረቡዕ ጠዋት — 4

ሳላነበው በፊት የማስታውሰው ሰኞን ብቻ ነበር። ሰኞ ደግሞ ቢሮ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱን ወንበሩ ላይ ጣልኩ። አለቃዬን አስቸግሬ ወንበርም አስቀይሬ ነበር፣ አፈር ልብላ። አራት ሳምንት ጎን ለጎን ሲታይ ግን የሚያሳምመኝ ደህና የሆንኩበት ቀን ነው። ቁጥሩ 2 ሲሆን የሳምንቱን ሥራ በሙሉ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ሦስት ቀን እከፍላለሁ።

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ልብስ ማጠብ ጀምራችሁ ህመሙ እስኪጨምር ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ ሦስት ጊዜ መዝግቡ። የኔ 40፣ 30 እና 35 ነበር። አማካዩ 35። ከዚያ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ፣ 28 ደቂቃ። አላርም ሞልቼ 28 ላይ አቆማለሁ፣ ደህና ብሆንም። ከባዱ «ደህና ብሆንም» የሚለው ነው። ባልዲ ሙሉ ልብስ እያየ ቁጭ የሚል ሰው ጎረቤት ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጨመርኩ አሁን 40 ደርሻለሁ።

8. ለሐኪሙ አንድ ገጽ

ስልኩን ዘርግታችሁ የሦስት ወር መልእክት ማሳየት አትጀምሩ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው። የቀጠሮው ዋዜማ በአንድ ገጽ አሳጥሩት። የእኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30 ቀን መሆኑ ለሒሳብ ይመቻል። የኔ የጥቅምት ገጽ እንዲህ ነበር፦

አማካይ ጠዋት 5፣ ማታ 4። መስከረም ላይ 7 እና 6 ነበር።
7 እና ከዚያ በላይ የሆነበት፦ 3 ቀን።
ማስታገሻ የወሰድኩበት፦ 6 ቀን።
ሌሊት ህመም የቀሰቀሰኝ፦ 5 ጊዜ።
ሳልቆም መራመድ የምችለው፦ 25 ደቂቃ።
ጥያቄዬ፦ መድኃኒቱ ጠዋት ድብታ ያመጣብኛል፣ መጠኑ ይቀነስ ወይስ ቀደም ብዬ ልውሰደው?

አማካዩ በ2 ነጥብ ገደማ ወይም በ30 በመቶ ከወረደ በሕክምናው ቁም ነገር ያለው ለውጥ ተብሎ ይወሰዳል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለው መድኃኒት ድብታው በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን ሳምንታት ይወስዳል። እኔ በሁለተኛው ሳምንት «አይሠራም» ብዬ ልተወው ነበር። ቁጥሮቹ ቀስ ብለው ሲወርዱ አይቼ ነው የቆየሁት።

9. ሲበዛም አይሆንም

ህመም እንዳያችሁት ነው። በየሰዓቱ «አሁንስ ስንት ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅ ትኩረትን እዚያው ይቸክላል። ድንገት ወገባቸው ለተቀጨ ሰዎች በየቀኑ የህመም ማስታወሻ ሲያስይዟቸው ካልያዙት ዘግይተው እንዳገገሙ ያሳየ ጥናት አለ። ስለዚህ አዲስ ጉዳት ከሆነ አትጀምሩት። ለቆየ ህመምም ቢሆን መመዝገቡ ራሱ ካስጨነቃችሁ ወደ አንድ ጊዜ አውርዱት፣ ወይም ከህመሙ ይልቅ የሠራችሁትን ብቻ ጻፉ።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደንብ ይዛችሁ ጥያቄያችሁ ከተመለሰ ተዉት፣ እረፍት ውሰዱ። እኔ አሁን የምጽፈው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ቀጠሮ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወይም መድኃኒት ሲቀየር፣ አላርሙን መልሼ ጠዋትና ማታ አደርገዋለሁ።